ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ

ታላቅ እህቴ ሱሉልታ አንደኛ ክፍል ታስተምር ነበር። ልጆቹ ፊደልና ቁጥር ቶሎ እንዲይዙላት መዝሙር ትሠራላቸዋለች፤ አንዳንዱን በኦሮምኛ፣ አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን ደግሞ እኛ ቤት እንደሚወራው ቀላቅላ። አንድ ቅዳሜ አዲስ አበባ ወርዳ መዝሙሮቹን ስቱዲዮ አስቀዳቻቸው። በማግስቱ ቡራዩ፣ እናትና አባታችን ቤት መጣችና ስልኳን ከፍታ አሰማችኝ።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው እትዬ።»

«አትሸንግለኝ። እኔ ነኝ ይሄ?»

እሷ አልነበረችም። ከኋላ ኪቦርዱ ያለ ዕረፍት ይደልቃል። ድምፁ የሷ ቢሆንም፣ ዝቅ አድርጋ የምታሳርፈው ሁሉ ወደ ላይ ተጎትቶ ቀጥ ብሏል። ባለስቱዲዮውን ስትጠይቀው «ፕሮግራሙ ነው ያስተካከለው፤ ትንሽ ስተሽ ነበር» ብሏታል።

«አልሳትኩም» አለችኝ ስልኩን እየዘጋች። «እናታችን እንዲህ አይደል የምትዘፍነው?»

እውነቷን ነበር። የሙዚቃ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በፒያኖ ልክ ነው። አንዱን ድምፅ ከሌላው እኩል አራርቀው ይደረድሩና ዘፋኙ መሃል ላይ ሲያርፍ እንደ ስህተት ይቆጥሩታል። በአንቺሆዬ ወይም በትዝታ ቅኝት ያደገ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያው መሃል ላይ ነው።

ያኔ ቡራዩ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። የእህቴን ነገር ለጓደኛዬ ነገርኩት። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ዶርም ነው የኖርነው፤ የተማርነውም አንድ ትምህርት ነው። የሰበታ ልጅ ነው። በሥራ ቀን የአንድ ፋብሪካ ቢሮ ኮምፒውተሮችን ይጠብቃል፤ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ ይጫወታል። ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነበር።

«እንሥራው» አለኝ፣ ገና ነግሬው ሳልጨርስ።

«ምኑን?»

«ፕሮግራሙን ነዋ! ቅኝታችንን የሚያውቅ። ሊኑክስ ላይ።»

ምክንያት ነበረው። ሁላችንም የምንጠቀምበት የሙዚቃ ሶፍትዌር ክራክ የተደረገ፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ ነው። ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ሠርግ ሊደርስ ሲል ይዘጋል፤ ውስጡን ከፍተህ ምን እንደነካው ልታየው አትችልም። በነፃ የሚጫን የኮምፒውተር ሥርዓት በሆነው በሊኑክስ ላይ ያሉት ግን ኮዳቸው፣ የተጻፉበት ትዕዛዝ፣ ለማንም ክፍት ነው። ወስደህ ታነባለህ፣ ያልተመቸህን ትቀይራለህ፣ የቀየርከውን መልሰህ ለሌላው ትሰጣለህ። ጓደኛዬ ውጭ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት አንድ የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም አግኝቶ ነበር። ከዜሮ አንነሳም። እሱን ወስደን ቅኝቶቻችንን እንጨምርበታለን። ከዚያ ደግሞ ከበሮ እንጽፍለታለን፤ ዘፋኙን እየሰማ የሚከተል ከበሮ፣ ሲዘገይ የሚዘገይ፣ ሲፈጥን የሚፈጥን። የከበሮው ሐሳብ የሱ ብቻ ነበር። ስለሱ ሲያወራ እጆቹ ጠረጴዛውን ይመቱ ነበር።

ሲወራ ቀላል ነው። ኮዱን አውርደህ ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመቀየር ኮምፓይል ማድረግ አለብህ፤ ኮምፓይል ለማድረግ ደግሞ ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ላይብረሪ የሚባሉ ቁርጥራጮች ያስፈልጉሃል። አንዱን ስታመጣ ሌላውን ይጠይቅሃል። ያንን ስታመጣ የመጀመሪያው አርጅቷል፣ አዲሱን አምጣ ይልሃል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ሲወርድ ትቆይና መጨረሻ ላይ «አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ታይና ትቀመጣለህ። እኔ ከሥራ በኋላ የኮሌጁን ኢንተርኔት ይዤ እታገላለሁ፤ ሊያልቅ ሲል ይቋረጣል፣ ወይ መብራት ይሄዳል። ጓደኛዬ ሰበታ ሆኖ በሲም ካርድ በምትሠራ የኢንተርኔት ዶንግል ይታገላል። በስልክ ስንገናኝ ሰላምታችን «አለፈ?» «አላለፈም» ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን አለፈ። ፕሮግራሙ ተከፈተ። እህቴን ጠራናትና እናትና አባታችን ቤት፣ እኔ ክፍል ውስጥ ማይክ ፊት አስቀመጥናት። ሄድፎን አደረገች፤ መዝፈን ጀመረች፤ ትንሽ ሄዳ ቆመች። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም ቆመች።

«ምን ሆንሽ?»

«የምዘፍነው ቆይቶ ነው የሚሰማኝ። እሱን ስጠብቅ እዘገያለሁ፤ ስዘገይ ደግሞ እሱም ይዘገያል።» ሄድፎኑን አወለቀችው። «ራሴን እየጠበቅኩ እንዴት ልዝፈን?»

ድምፁ በማይኩ ገብቶ፣ በኮምፒውተሩ ዞሮ፣ በሄድፎኑ እስኪወጣ ያለችው ያቺ ቅጽበት ናት ያስቸገረችን። ለማጥበብ ብዙ ጊዜ ፈጀን። ከርነል የሚባለውን የሊኑክስ እምብርት ሳይቀር እንደገና መገንባት ነበረብን። ያረጁ ላፕቶፖቻችን ይግላሉ፣ ያጓራሉ፣ መሃል ላይ ቀጥ ይላሉ። በመጨረሻ ጓደኛዬ ሰበታ ቤቱ አስተካክሎት ጠራን። እህቴ ከሱሉልታ አዲስ አበባን አቋርጣ ነው የመጣችው፤ ደክሟት ነበር። ሄድፎኑን አድርጋ ዘፈነች። አልቆመችም። እስከ መጨረሻው ሄደች። ጓደኛዬ «እሺ?» ሲላት «አሁን ገና አብሬው ሆንኩ» አለች። የጓደኛዬ እናት ከጓዳ ወጥተው አጨበጨቡ። ከዚያ ሥራ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ደስ ያለኝ ቀን እሱ ነው።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ።

አባቴ ገበሬ ናቸው። መሬታቸው በገፈርሳ በኩል፣ ከባሕር ዛፉ ወዲህ ነው። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ጨምሮ አንድ ላይ ሊታቀድ ነው ሲባል፣ እኛ ሰፈር የተሰማው መሬቱ ሊሄድ ነው ተብሎ ነው። ወጣቱ አደባባይ ወጣ። መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ተኩስ የምንሰማባቸው ቀናት ነበሩ። በማግስቱ ለቅሶ ይኬዳል። እህቴ ትምህርት ቤቷ ሲዘጋ ቤቷ ትቀመጣለች፤ ሲከፈት ደግሞ ግማሹ ልጅ አይመጣም።

አንድ እሁድ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አባቴን ይዘው እኔ ክፍል መጡ። የሚቀመጡበት ስላልበቃ ጥቂቶቹ አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። አንዱ አዛውንት ስልክ አውጥተው ሰጡኝ፤ ስክሪኑ ላይ የካርታ ፎቶ አለ።

«ልጄ፣ አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ» አሉኝ። «የኛ መሬት ከመስመሩ ውስጥ ነው ከውጭ?»

ፎቶው የፎቶ ፎቶ ነበር። መስመሩ ወፍራም፣ ጽሑፉ የማይነበብ። ላፕቶፑ ላይ አስፍቼ አየሁት፤ ሲሰፋ ጭራሽ ጠፋ። ዋናውን ከኢንተርኔት ልፈልግ እንዳልል ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ሰንብቷል።

«አይታይም» አልኳቸው። «ካርታው ራሱ ትክክለኛ ይሁን አይሁን አላውቅም።»

«አንተ ካላወቅክ ማን ያውቃል?»

ሽማግሌዎቹ ሳይቆጡ፣ ቀስ ብለው እየተነሱ፣ እግዜር ይስጥልን ብለው ወጡ። አባቴ ወደ ኋላ ቀሩ። ላፕቶፑን፣ ገመዶቹን፣ ማይኩን አዩ።

«ይሄን ያህል ጊዜ እዚህ የምትቀመጠው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለእትዬ መዝሙር ነው አባባ። እሷ እንደምትዘፍነው የሚቀዳ ፕሮግራም እየሠራን ነው።»

«አሁን?»

«ከጀመርነው ቆየ።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሥራው እንኳን መጥፎ አይደለም» አሉ። ከዚያ ወደ ከብቶቹ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ ነገሩ ግን አልበረደም። ወደ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የሚወስደው ዓመት እንዲሁ እየተዘጋና እየተከፈተ ሄደ። ሥራችንም እንደ መንገዱ ሆነ። ቅኝቶቹ ያሉበት ኮድ እኔ ጋ ነው፤ ከበሮው ጓደኛዬ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ሲኖር እንላላካለን፤ ሲዘጋ በፍላሽ ይዘን እንሄዳለን። ለመሄድ ደግሞ ታክሲ መኖር አለበት። አንዳንዴ ስደውልለት «ማል ጎና?» ይለኛል። ምን እናድርግ ማለት ነው። እኛ አካባቢ ሰው የሚለው መልስ ፈልጎ አይደለም፤ ሲደክመው ነው።

እኔም ደክሞኝ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ተማሪዎች ይጠፋሉ፤ የታሰረና የሸሸ አይለይም። ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቼ ስለ አንድ የጎደለ ላይብረሪ መጨነቅ ራሴን የሚያሳፍረኝ ጊዜ ነበር። ግን ሌላ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ኮዱ ቢያንስ ሲሳሳት የቱ መስመር ላይ እንደተሳሳተ ይነግረኛል።

መንገድ ክፍት ነው በተባለ አንድ ማለዳ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ከበሮው ተከተለኝ!» አለኝ፤ እየሳቀ ነበር። «በእጄ እየመታሁ ሞከርኩት። ስዘገይ ይዘገያል። ያንተ ማሽን ላይ ከቅኝቱ ጋር እናገናኘዋለን። መጣሁ።»

ጠበቅኩት። አልመጣም። ስልኩ አይነሳም፤ ኋላም ተዘጋ። ከሰዓት በኋላ እናቱ ደወሉልኝ። አብሮት ታክሲ ውስጥ የነበረ የሰፈራቸው ሰው ነግሯቸው ነው። ፍተሻ ላይ ከታክሲው አውርደውታል።

የሆነውን ኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ቦርሳውን ሲከፍቱ ላፕቶፑንና ገመዶቹን አገኙ፤ ማይኩ የሚሰካባትን፣ ቀይ መብራት ያላትን ትንሽዬ ሳውንድ ካርድም አገኙ። ምንድን ነው ሲሉት የድምፅ መቅጃ አላቸው። ላፕቶፑን ክፈት አሉት። ታክሲ ሲመጣለት ቸኩሎ ሳያጠፋው ነበር የወጣው፤ ሲከፍተው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጩ ጽሑፍ ተደርድሮ ቁጭ ብሏል።

«ይሄስ?»

«የሙዚቃ ፕሮግራም ነው።»

«ሙዚቃው የታለ? አጫውት።»

ማጫወት አልቻለም። ከደወለልኝ በኋላ ከበሮውን ከቅኝቱ ጋር ለማገናኘት ሌላውን ነቃቅሎት ስለነበር ፕሮግራሙ እንደገና ሙሉውን ካልተገነባ አይከፈትም። ያሉት ሙዚቃዎች የእህቴ መዝሙሮች ናቸው፤ አንዱን በሌላ ፕሮግራም ከፈተላቸው። በኦሮምኛ ነው። ምን እያለች ነው ሲሉት «ፊደል ነው፣ ለልጆች ነው» አላቸው። ሳቁበት፤ ከዚያ መሳቃቸውን አቁመው ወሰዱት።

እኔና እህቴ ሰበታ ሄድን። እናቱ ምግብ ቋጥረው ተዘጋጅተው ነበር፤ የት እንደሚወስዱት ግን አያውቁም። አብረናቸው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ዞርን። «እዚህ የለም።» «እዚያ ጠይቁ።» «ነገ ኑ።» እህቴ በየበሩ ላይ አስተማሪ መሆኗን፣ መዝሙሩም የሷ መሆኑን ትናገራለች።

«እኔን ይጠይቁኝ» አለች አንዱ ጋ። «የዘፈንኩት እኔ ነኝ።»

የበሩ ጥበቃ አዘነላት መሰለኝ። «እህቴ፣ ይሄን እዚህ አትናገሪ። ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በታክሲ ስንመለስ፣ ወደ ሱሉልታ ለመሳፈር ዊንጌት ስትወርድ «ከዚህ በኋላ ማይክ ፊት አልቀመጥም» አለችኝ። እናቱ ግን በየጊዜው ምግቡን እየቋጠሩ መዞራቸውን አላቆሙም። ቆይቶ ራቅ ያለ ቦታ እንዳለ ተሰማ፤ ስንቁንም የሚቀበል ሰው ተገኘ።

ሲፈታ ክረምቱ ገብቶ ነበር። ልጠይቀው ሄድኩ። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ከስቷል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጠው ከእጁ ላይ እጃቸውን አላነሱም። ላፕቶፑ አልተመለሰም፤ ሳውንድ ካርዷም አልተመለሰችም። ከበሮው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ የለም። ኢንተርኔት በተዘጋበት ጊዜ የተጻፈ ነውና የትም አልላከውም።

ብዙ ካወራን በኋላ፣ የማይባለውን አልኩ። «የድሮው ኮፒ እኔ ጋ በፍላሽ አለ። ከበሮውን እንደገና ብትጽፈው...»

እናቱ ሻይ ሊያመጡ ሲነሱ ነው የተናገረው።

«አጫውት ሲሉኝ ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? እንደ ልጅ ነው ያሰብኩት። ቢሠራ ኖሮ አጫውትላቸው ነበር። ሲሰሙት ይገባቸው ነበር ብዬ።» ትንሽ ፈገግ አለ። «እዚያ ሆኜ ሁሌ እሱን ነው የማስበው። የትኛውን መስመር ባስተካክለው ኖሮ እያልኩ። አሁን ስለሱ ማሰብ አልፈልግም፣ ኦቦሌሳ። አትጠይቀኝ።»

አልጠየቅኩትም። ኦቦሌሳ ማለት ወንድም ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

ለብቻዬ ቀጠልኩ፤ ቀጠልኩ የሚባል ከሆነ። ከበሮውን ለመጻፍ ሞክሬ አቃተኝ። እሱ የሚሰማው ነገር እኔን አይሰማኝም። ኢንተርኔት ሲመለስ ደግሞ ውጭ ያሉት ሰዎች ፕሮግራሙን በብዙ መልኩ ቀይረውታል፤ የኛ ሥራ አዲሱ ላይ አይገጥምም። በጊዜው ልከንላቸው ቢሆን ኖሮ አብሮ ይቀየር ነበር። በመጨረሻ ሌላውን ሁሉ ጥዬ ቅኝቶቹን ብቻ ቆርጬ አወጣሁና ላክሁላቸው። አንድ የማላውቀው ሰው በትሕትና መለሰልኝ፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል አይደለም፣ ስህተት ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስህተት እንዳልሆነ ጻፍኩለት። ማስረጃ አለህ ወይ አለኝ። የእናቴን ድምፅ በስልክ ቀድቼ ላክሁለት። ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። ሲመላለስ ከርሞ፣ እኔ ተስፋ ከቆረጥኩ በኋላ፣ ተቀበሉት። ፕሮግራሙን የሚጭን ሰው ሁሉ ዝርዝሩ ውስጥ ራቅ ብሎ ያገኛቸዋል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከሥራችን የቀረው ይሄ ነው።

የዚያን ቀን ለጓደኛዬ ደወልኩለት። «ጎበዝ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው፤ ግን ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ፋብሪካውን ለቅቆ ሰበታ ገበያው አጠገብ ሞባይል መጠገን ጀምሮ ነበር።

እህቴ ማይክ ፊት አልቀመጥም ያለችውን ለረጅም ጊዜ አጥብቃ ያዘች። የለወጣት የልጆቹ ነገር ነው። የሚመጣው አንደኛ ክፍል በየዓመቱ አዲስ ነው፤ እሷ ግን ድምፅዋ ይዘጋ ጀመር። ሐኪም ድምፅሽን ቆጥቢ ሲላት፣ ልጆቹ ከቅጂው እንዲማሩ ብላ ደወለችልኝ። ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ ላፕቶፑን ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። ባዶው ክፍል ውስጥ፣ የተደራረቡ ዴስኮች መሃል ቀዳኋት። ከበሮ የለውም። ከሰፈሩ የጠራቻቸው ልጆች አጨበጨቡላት፤ ከውጭ የጎጃም መንገድ መኪኖች ድምፅ ገብቶበታል። ቀድተን ስንጨርስ አሰማኋት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

«እኔ ነኝ» አለች። «አርጅቻለሁ እንጂ።»

የአባቴ መሬት ያኔ አልተነካም። ኋላ በዙሪያው ቤት እየበዛ መጣና ሳር የሚታጨድበት ጥግ ጠፋ፤ ባቄላና ስንዴ የሚዘራበት ግን አለ። እኚያ ካርታውን ያሳዩኝ አዛውንት አሁንም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የኮምፒውተሩ ሰው ይሉኛል።

ባለፈው ክረምት ለጉዳይ ሰበታ ሄጄ ጓደኛዬ ሱቅ ጎራ አልኩ። የአንዲት ሴትዮ ስልክ ፈትቶ በትንሽዬ መፍቻ ይነካካል። ወንበር ሳበልኝ፤ ሻይ አዘዘ። አባት ሆኗል፤ ስለ ልጁ ነገረኝ፤ ስለ ታክሲ እጥረት አወራን። የእህቴ መዝሙር ስልኬ ውስጥ ነበር። ላሰማው አሰብኩና ተውኩት። ትቼው ስቀመጥ ራሱ «እትዬ ደህና ናት? ትዘፍናለች?» አለኝ።

«ቀዳኋት» አልኩት።

«አሰማኝ።»

አሰማሁት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ መፍቻውን እንደያዘ፣ እስከ መጨረሻው ሰማ። ደንበኛዋ ሴትዮ ስልኬ ደረሰ ወይ ስትለው በእጁ ጠብቂኝ አላት።

«ጭብጨባው ይፈጥናል» አለኝ ስልኩን እየመለሰልኝ። «ልጆች እንደዚያ ናቸው። እሷ ግን አልተከተለቻቸውም፤ ጥሩ።» ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ስልክ ተመለሰ፤ እኔም ሻዬን ጨርሼ ታክሲ ልሰለፍ ወጣሁ።